ዳኛው የተቆጣ ዕለት

ባሌ ጆሮው አይሰማም። ጭራሽ አይሰማም ማለቴ አይደለም። በር ሲወረወር ይሰማል፣ እኔ ስጮህ ይሰማል፤ የማይፈልገውን ነገር ግን ብትጮህም አይሰማም። ወፍጮ ቤት ሠርቶ ነው። ጉልበቱን በሙሉ ከወፍጮ ሥር ቆሞ ጨረሰው። ዱቄቱ ከልብሱ ለቀቀ፣ ድምፁ ግን ከጆሮው ሳይወጣ ቀረ።

ወፍጮ ቤቱ ሲዘጋ የጣውላ መጋዘን ዘበኛ ሆነ። ይህን ለጎረቤቴ ለባለ ስፌቷ ስነግራት መርፌዋን ከጥርሷ አውጥታ ሳቀች። የማይሰማ ዘበኛ ከተቀጠረ ሌባው መምጣቱን አስቀድሞ ጽፎ ይላክለት አለች። እኔም ሳቅሁ፣ እውነቷን ነዋ። ግን ባሌ ብቻውን አልተቀጠረም። ከዳኛው ጋር ነው የተቀጠረው።

ዳኛው ውሻችን ነው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ቡችላ እያለ እኔና ባሌ ስንጨቃጨቅ መሃላችን ቁጭ ይልና እኔ ስናገር እኔን፣ እሱ ሲናገር እሱን እያየ ያዳምጣል። አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ነገሩን እንደሚመረምር ሰው። እስካሁን ፍርድ ሰጥቶ አያውቅም። ባሌ ግን ፍርዱ ለእኔ ነው ይላል፤ ምክንያቱም አጥንት የሚሰጠው እሱ ነው። ጉቦ ነው እለዋለሁ። እሺ ይለኛል።

መጋዘኑ በር ላይ ባሌ በርጩማ ላይ ይቀመጣል፣ ዳኛው ከእግሩ ሥር ይተኛል። ባሌ በሩን አይጠብቅም፤ የዳኛውን ጆሮ ነው የሚጠብቀው። አንዱ ጆሮ ከዞረ መንገድ ላይ ሰው አለ። ሁለቱም ከቆሙ ሰውየው ወደ በሩ መጥቷል። ዳኛው ከተነሣ ባሌም ዱላውን ይዞ ይነሣል። እስከዛሬ አንድ ጣውላ ጠፍቶ አያውቅም። የመጋዘኑ ኃላፊም ይህን ስለሚያውቅ አንዴ ፊት ለፊት ነግሮታል፤ ውሻው ከሌለ አንተም የለህም ብሎታል። በክፋት አይደለም፣ እውነቱን ነው። ባሌም አልከፋውም። ጆሮዬ ከሌለ እኔ ምን ልሠራ አለኝ።

እኔ ደግሞ ልብስ አጥቤ እተኩሳለሁ። ከቤታችን ፊት ለፊት ያለችውን ክፍል ለዚሁ አድርጌያታለሁ፤ ሁለት ካውያ፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ጓዳው ውስጥ ደግሞ የታጠበው የሚቀመጥበት የቆርቆሮ በር ያለው ክፍል። ባሌ እንግዳ ሲመጣ፣ በዚህ ቤት ዘበኛው እኔ ነኝ፣ ተኳሿ ግን እሷ ናት ይላል። ስንት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ሲናገር እንግዳው ይስቃል፣ እሱም እንደ አዲስ ይስቃል።

እንግዲህ ነገሩ የመጣው በዚህ ነው። ከእኛ ሰፈር ወዲያ አንድ ያበደ ውሻ ሰው ነከሰ ተባለ። የመጋዘኑ ኃላፊ፣ ግቢውን የሚጠብቅ ውሻ በየዓመቱ ካልተከተበ በሩ ላይ አይቆምም አለ። የመጀመሪያው ዓመት ከታቢዎች ሰፈር ድረስ መጥተው ስለነበር ዳኛውን እዚያው ወግተውት፣ ጅራቱን እየቆላ ተመለሰ። ምንም አልሆነም። ሁለተኛው ዓመት ላይ ግን ወደ ሰፈር የሚመጣ ከታቢ አልነበረም። ከእንስሳት መኖ ሱቁ ጀርባ ወዳለችው ክሊኒክ መሄድ ነበረብን። እኔ የሆቴል ጠረጴዛ ልብስ ተከምሮብኝ ስለነበር ባሌ ወሰደው።

እዚህ ላይ ስለ ባሌ አመል መናገር አለብኝ። ያልሰማውን ነገር እሺ ይላል። ድገሙልኝ ማለት ያፍራል። ሰው አፉን ሲያንቀሳቅስ ያየዋል፣ ፊቱን ያየዋል፣ ከዚያ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ እሺ። አንዴ ፀጉር አስተካካዩ ጢሙንም ላንሣው ወይ ብሎት እሺ ብሎ፣ የወጣትነቱን ጢም ትቶ መጣ። ዳኛው ራሱ እስኪያሸተው ድረስ አልተጠጋውም። ስቆጣው የሚመልስልኝ አንድ ተረት አለችው፤ እሺ ይበልጣል ከሺህ ይለኛል። ሰምተህ ከሆነ ነው የሚበልጠው እለዋለሁ። እሺ ይለኛል።

ያን ዕለት ጠዋት ሐኪሟ ዳኛውን ወግታ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል እዚህ ቁጭ በሉ፣ አንዳንድ ውሻ ከክትባት በኋላ ስለሚያመው ሳላየው እንዳትሄዱ አለችው። ባሌ እሺ አለና ገመዱን ይዞ ወጣ። እሷ ወደ ሌላ ታማሚ ዞራ ስለነበር መውጣቱን አላየችም።

ቤት ሲደርሱ እኔ ካውያው ላይ ነበርሁ። ባሌ ሻዩን ሊጠጣ ቁጭ አለ። ዳኛው ግን እንደ ወትሮው ከጠረጴዛው ሥር አልገባም። ፊቱን ወለሉ ላይ ያሸው ጀመር። ዝንብ መስሎኝ ዝም አልሁ። ከዚያ ከንፈሩን አየሁት። ከአንድ ወገን ተነፍቶ ጥርሱን አልፎ ተንጠልጥሏል። ዐይኑ ሥር አብጧል። ካውያውን አቁሜ ሆዱን ስዳስሰው ከፀጉሩ ሥር ገላው ንብ የነደፈው ይመስል ጉብ ጉብ ብሏል። እጄ ሥር እያለ አስታወከ።

እኔ ይህን ነገር በራሴ እጅ አውቀዋለሁ። በረኪና ሲበዛብኝ ክንዴ እስከ ክርኔ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ያሳክከኛል። ተቆጣ ነው የምንለው። ስለዚህ ለባሌ ጮኼ፣ መርፌው ተቆጥቶበታል አልሁት። ባሌም እሺ አለኝ። ስልኬን አንሥቼ ክሊኒኩ ደወልሁ።

ያነሣችው ተቀባይዋ ናት። ወፍራም፣ ድምጿ ደስ የሚል ሴት ናት፤ በኋላ ነው ያወቅኋት።

"ውሻዬ ተቆጥቷል" አልኋት።

"ክፉኛ ነው የተቆጣው፣ እናቴ?"

"ክፉኛ እንጂ። ባየሁት ቁጥር እየባሰበት ነው።"

"ሰው ነክሷል?"

"እሱ ማንን ይነክሳል? ዛሬ ጠዋት እናንተ ናችሁ የወጋችሁት።"

"ገባኝ። ከመርፌ በኋላ የሚቆጡ አሉ። ጸጥ ያለ ክፍል ያስገቡትና ይዝጉበት። ማንም አይጠጋው። በራሱ ጊዜ ይበርድለታል።"

ይበርድለታል ስትል እብጠቱ መስሎኝ። እሷ ደግሞ ቁጣው መስሏታል። አንድ ቃል ይዘን ሁለት ነገር ስናወራ ሁለታችንም አላወቅነውም። የተማረ ሰው አዟል፣ እኔ ማን ነኝ ብዬ ዳኛውን ወደ ጓዳው ወሰድሁት። ግትር ናት ይሉኛል፤ ያን ዕለት ግን ግትርነቴ የት እንደሄደ እንጃ። እግሩ እየተብረከረከ ነበር። ንጹሕ ፎጣ አነጠፍሁለትና የቆርቆሮውን በር ዘጋሁበት።

ወደ ካውያው ተመለስሁ። የጠረጴዛ ልብሱን ጠርዝ ይዤ ብተኩስም ልቤ ሥራው ላይ የለም። ባሌ ሻዩን ጨርሶ ተነሣ። ወደ ሥራው የሚሄድበት ሰዓት ሊደርስ ነው። ገመዱን ከሚስማሩ አወረደና ዳኛውን ፈለገው። በእጄ ወደ ጓዳው አሳየሁት፣ ይረጋጋ ተብሏል ብዬ ጮህሁ። እሺ አለ። ግን አልተቀመጠም። ሄዶ መዳፉን ቆርቆሮው ላይ አደረገ።

ዳኛው በር ሲዘጋበት በሩን ተደግፎ ነው የሚቆመው። ጭራው ቆርቆሮውን ይመታዋል። ጧ፣ ጧ፣ ጧ። እስኪከፈትለት ድረስ እኔን ሥራ አያሠራኝም። ባሌ ያን ድምፅ በጆሮው ሰምቶት አያውቅም፤ በመዳፉ ነው የሚሰማው። መዳፉን አሳርፎ ቆየ። ከዚያ ሌላኛውንም እጁን ጨመረ። ዞሮ አየኝ።

"ዝም ብሏል" አለኝ።

እኔ ጆሮ እያለኝ ያልሰማሁትን ዝምታ እሱ ሰማው።

በሩን ስንከፍተው ዳኛው ፎጣው ላይ ተጋድሟል። ፊቱ የእሱ ፊት አይመስልም፣ ዐይኑ ጠፍቷል። ሲተነፍስ ከጉሮሮው የሚያፏጭ ነገር ይወጣል። ባሌ ተንበርክኮ ጆሮውን ያዘው። ሁልጊዜ እንዲህ ሲይዘው ጆሮው ያመልጠዋል፣ ይኮረኩረዋል መሰለኝ ቶሎ ያዞረዋል። አሁን ጆሮው እጁ ላይ እንደ ጨርቅ ቀረ።

ስልክ አልደወልሁም። ስልኩ ምን እንደሠራ አይቻለሁ። ልብስ የማመላልስበት ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ አለችኝ። ከጠረጴዛው ላይ ቅርቤ የነበረውን የሆቴሉን ነጭ ጠረጴዛ ልብስ ሳብሁና ዳኛውን ጠቅልዬ ጋሪው ላይ አጋደምሁት። ባለ ስፌቷ ከበሯ ላይ ሆና ሎሚ ጨምቁበት አለችኝ። ሎሚውን ለራስሽ ጨምቂው ብያት ገፋሁት። በኋላ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፣ እሷም እስካሁን ታነሣብኛለች።

ለቧንቧ ብለው መንገዱን ቆፍረውት ነበር። ጋሪዋ ቦዩ ላይ ስትደርስ ጎማዋ ሰጠመ። ከጎማ መጠገኛው ቤት አንድ ሰውዬ፣ እጁ ላይ ቅባት እንዳለ፣ ምንም ሳይጠይቅ ጋሪዋን ከፊት ብድግ አድርጎ አሻገራት። ነጩ ጨርቅ ላይ የጣቶቹ ጥቁር ቀረ። ባሌ ከጎን እየሮጠ አንድ እጁን ዳኛው ደረት ላይ አድርጓል። መኪና ጡሩምባ ሲነፋበት አልሰማም። እኔ ነኝ እጅጌውን እየጎተትሁ ያሻገርሁት።

ክሊኒኩ ስንገባ ተቀባይዋ ብድግ ብላ እዚያ ከቆመው የመኖ ሚዛን ጀርባ ገባች።

"የተቆጣው ውሻ ይሄ ነው? እንዴት ሳታስሩት ታመጡታላችሁ?" አለች።

ጨርቁን ገለጥሁላት። "ገላው ነው የተቆጣው" አልኋት።

ያን ጊዜ ፊቷ ላይ ያየሁትን አልረሳውም። እጇን አፏ ላይ ጫነች፣ ከዚያ ያን ሁሉ ሰውነት ይዛ፣ ሮጣ እንደማታውቅ እርግጠኛ የሆንሁባት ሴት፣ ዶክተር እያለች ወደ ውስጥ ሮጠች።

ሐኪሟ አጭር ናት፣ ልጅ እግር ናት። ከዚያ በፊት መንገድ ላይ ባያት ኖሮ ተማሪ ናት ነበር የምል። የዳኛውን ከንፈር ገለጥ አድርጋ ድዱን አየች። ድዱ እንደ ተጠቀለለበት ጨርቅ ነጭ ነበር። ማንንም አልተቆጣችም፣ ምንም አልጠየቀችም። ጠረጴዛው ላይ ለማውጣት ጊዜ አላጠፋችም፤ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ጭኑ ላይ ወጋችው። ቀጥላ የፊት እግሩን ፀጉር ላጭታ ግሉኮስ አስገባች፣ ጠርሙሱን ለእኔ ሰጠችኝ። ከፍ አድርገው ይያዙልኝ እናቴ፣ እጅዎ እንዳይወርድ አለችኝ። እርጥብ ብርድ ልብስ ገመድ ላይ ሳወጣ የኖርሁ ሰው ነኝ፣ እጄ አልወረደም። ሌላ መርፌ ደግሞ ደም ሥሩ ውስጥ ጨመረች። ተቀባይዋ ከጎን ሆና የምትላትን ሁሉ ታቀብላታለች፤ እንባዋ ግን ይወርዳል።

ሐኪሟ ማዳመጫዋን ዳኛው ደረት ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች።

"አለ?" አላት ባሌ።

"አለ" አለችው። "ልቡ እየሮጠ ነው፣ ግን አለ። ትንሽ ከቆየን ይመለሳል ብዬ አስባለሁ።"

ባሌ ፊቷን አየ። ራሱን ነቅነቅ አደረገ። "እሺ" አለ።

ሐኪሟ ቀና አለች። ፊቱን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። አይሰማም እንዴ አለችኝ። አይሰማም አልኋት። ዐይኗን ጨፈነች። ጠዋት ቁጭ በሉ ብዬው ነበር አለች፣ ለራሷ ነው የምትናገረው። እሺ አለኝ፣ እኔም አምኜ ዞርሁ፤ ጥፋቱ የኔም ነው አለች። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ከዶክተር አፍ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወጣችና ባሌ ጆሮ ውስጥ አደረገችው። ጫፉን ዳኛው ደረት ላይ ይዛ ጠበቀች። ባሌ መጀመሪያ ምንም እንዳልሰማ ሰው ቁጭ አለ። ቀስ እያለ ግን አፉ ተከፈተ።

"ሰማሁት" አለ። "እንደ ወፍጮ ነው። እንደ ወፍጮ ይመታል።"

ጠርሙሱን ይዤ ቆሜ አለቀስሁ። እንባዬን የምጠርግበት እጅ አልነበረኝም፣ ዝም ብዬ አፈሰስሁት።

ባሌ ማዳመጫውን አላወልቅም አለ። ሐኪሟም አልቀማችውም፤ ሌላ ፈልጋ አመጣች። እንዲያ እንዳለን ድዱ ቀስ በቀስ ቀላ። ፉጨቱ ከጉሮሮው ጠፋ። መንገድ ላይ መኪና ጡሩምባ ነፋ፤ እኔ ሰማሁት፣ ባሌ አልሰማም። ግን የዳኛው ጆሮ ባሌ ጣቶች መሃል ዞረ። ባሌም ወዲያው ዞሮ በሩን አየ።

"ሰው መጣ" አለን።

ሐኪሟ ከሳቋ የተነሣ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ዳኛውን እዚያው አቆዩት። ሐኪሟ የመጋዘኑ ኃላፊ ዘንድ ራሷ ደውላ ባሌ በማግስቱ እንደሚመጣ ነገረችው። ከዚያ አስቀምጣ አስረዳችኝ። መርፌው መርዝ አይደለም አለችኝ። ክትባት ብቻውን አይሠራም፤ የሚበቅልበት ነገር አለ፣ እንዳይበላሽ የሚጨመርበት ነገር አለ። የጥጃ ደም ውሃ ይኖረዋል፣ ከቆዳና ከአጥንት ተቀቅሎ የሚወጣ ሙጫ ይኖረዋል፣ አንዳንዱ ከእንቁላል የመጣ ነገር አለው። ብዙው ውሻ ምንም አይለውም። የአንዳንዱ ግን ሰውነቱ ከእነዚህ አንዱን እንደ ጠላት ይቆጥርና፣ በሁለተኛው ጊዜ ሲያገኘው ጦርነት ይከፍታል። ዳኛውን ያን ዕለት ሁለት ዓይነት ወግታው ነበር፣ የእብደቱንና የሌላ በሽታ መከላከያ። የትኛው እንደጎዳው፣ በውስጡም የትኛው ነገር እንደሆነ በእርግጥ አላውቅም አለችኝ። አላውቅም ማለቷን ወደድሁላት።

ነገሩ ገባኝ። በአንድ ሳሙና የሰፈሩን ልብስ ሁሉ አጥባለሁ፤ አንዲት መምህርት ግን አለች፣ የእሷን ሸሚዝ በዚያ ሳሙና ካጠብሁት አንገቷ ይቀላል። ሳሙናው ምን አጠፋ? እሷስ ምን አጠፋች? አይስማሙም፣ በቃ። የእሷን ለብቻ አጥባለሁ።

ማታ ሲሆን ጠረጴዛ ልብሱን ይዤ ተመለስሁ። ባጥበውም የጎማ ጠጋኙ ጣት አልለቀቀም። ለሆቴሉ ሰዎች እውነቱን ነገርኋቸው፤ ሌላ ገዝቼ ተካሁላቸው። ያቺን ጨርቅ አሁን ዳኛው ይተኛባታል። ሆቴል ያደረ ውሻ ቢኖር እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ የሐኪሟን ነጭ ጋዋኖች የማጥበው እኔ ነኝ። አይሆንም ብላ ተከራከረችኝ። ከእኔ ጋር የሚከራከር ሰው ጊዜ የተረፈው መሆን አለበት፤ እሷ ደግሞ ጊዜ የላትም፣ ስለዚህ አሸነፍሁ። አንገትጌውን አጠንክሬ፣ እጅጌውን ቢላ አስመስዬ እተኩስላታለሁ። ስትለብሰው ትንሽ ረዘም ትላለች።

ዓመቱ ዞረ። የመጋዘኑ ኃላፊ ክትባቱን አስታወሰ። እኔ አይሆንም አልሁ። ባሌን እሺ እንዳይል አስጠንቅቄ፣ ኃላፊው ፊት ቆሜ እኔው ራሴ አይሆንም አልሁት። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ግን ግቢው የእሱ አይደለም፣ ትእዛዙም ከላይ ነው። ካልተከተበ በሩ ላይ አይቆምም፣ ውሻው ካልቆመ ደግሞ ባልሽ… ብሎ ሳይጨርስ ተወው። ቤት ገብቼ ካውያዬን አነሣሁ። የተኮስሁት ልብስ ያን ዕለት ሁሉ ጠርዙ ጠማማ ነበር። ባልወስደው ባሌ ሥራው ይሄዳል፣ ብወስደው ዳኛው ይሄዳል። ባሌ ገመዱን ከሚስማሩ አውርዶ መልሶ ሰቀለው። ዳኛውም መሃላችን ተቀምጦ አንዴ እኔን አንዴ እሱን አየ። እንደ ልማዱ ፍርድ የለም።

ሐኪሟ ጋዋኗን ልትወስድ መጣች። ለባሌም ለእኔም የምትናገረውን ሁሉ አሁን ፊት ለፊቱ ቆማ፣ አፏን ከፍታ፣ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። እንደ ወጉ ደህና ናችሁ አለችን። እኔ ገና ከመጠየቋ፣ አላስከትበውም አልኋት።

አላስገደደችኝም። የተኮስሁትን ጋዋን እጥፋቱን እያየች፣ ፍርሃትሽ ልክ ነው እትዬ አለችኝ፤ እኔም እፈራለሁ። ግን ያበደ ውሻ ከነከሰው የማድንበት መድኃኒት የለኝም። ለእብደቱ በሩ ክፍት ነው፣ መርፌው ቢቆጣበት ግን ጋሻ አለኝ አለች። የእብደቱን ብቻ እንሰጠዋለን፣ ሌላው ይቅርበት። ሌላ ፋብሪካ የሠራውን፣ ያ የጠረጠርሁት ሙጫ የሌለበትን አስመጥቻለሁ። አስቀድሜ ሰውነቱን የሚያበርድ መርፌ እሰጠዋለሁ። አምና ያዳነውን መድኃኒትም ከጎኔ ቀድቼ አስቀምጣለሁ።

"ምንም አይሆንም ትይኛለሽ?" አልኋት።

"እንደዚያ አልልም" አለችኝ። "አጠገቡ እቀመጣለሁ ነው የምለው።"

ምንም አይሆንም ብትለኝ ኖሮ አልሄድም ነበር። አጠገብ መቀመጥን ግን እኔም አውቅበታለሁ። እሺ አልኋት፤ ሰምቼ ነው።

በቀጠሮው ጠዋት ካውያዬን አጠፋሁ፣ በሬን ዘጋሁ፤ በሥራ ቀን በሬን ስዘጋ ያየችኝ ባለ ስፌቷ ሰው ሞተ ወይ ብላ መጣች። ጋሪዋንም ይዤ ሄድሁ። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ባዶ ጋሪ እየገፋሁ፣ ዳኛው ከፊቴ በእግሩ እየሄደ። ቦዩ አሁን ተደፍኗል። ጎማ ጠጋኙ አየንና ዘንድሮ ይራመዳል እንዴ አለ። እጁን ጨበጥሁት። ቅባቱ እጄ ላይ ቀረ፣ አልጠረግሁትም።

ሐኪሟ የመጀመሪያውን መርፌ ሰጠችው፣ ቆየች፣ ሁለተኛውን ሰጠችው። ከዚያ ቃሏን ጠበቀች። ወንበር ሳይሆን ወለሉ ላይ፣ እኔ የተኮስሁትን ጋዋን ለብሳ ከጎኑ ተቀመጠች። ባሌ በሌላው ጎን መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። እኔ መቀመጥ አልቻልሁም። ከንፈሩን አያለሁ፣ ከዐይኑ ሥር አያለሁ፣ ሆዱን እዳስሳለሁ። እንደገና ከንፈሩን። ዳኛው ሲሰለቸው አዛጋ። አፉ ውስጥ ያለው ድድ እንደ ጽጌረዳ ቀይ ነው።

እንዲህ እያለን ስልኩ ጮኸ። ተቀባይዋ አነሣችው። አቤት አለች፣ አዳመጠች፣ ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣ "ጠባዩ ነው የተቆጣው፣ እናቴ፣ ወይስ ገላው?" አለች።

ወዲያኛው ምን እንዳለ አልሰማሁም። ተቀባይዋ ግን ብድግ ብላ፣ አይዝጉበት፣ አሁኑኑ ይዘውት ይምጡ፣ በሩ ላይ እጠብቅዎታለሁ አለች። ስልኩን ስትዘጋ ዐይን ለዐይን ተያየን። ከአምናው ወዲህ የሚደውለውን ሁሉ እንዲህ ብላ ነው የምትጠይቀው አለችኝ ሐኪሟ፣ በዝግታ።

እውነትም ትንሽ ቆይቶ አንዲት ልጅ እግር ሴት ትንሽ ነጭ ውሻ አቅፋ ገባች። ግማሽ ፊቱ አብጧል። ሐኪሟ ተነሥታ ወደ እሱ ሄደች። መድኃኒቱ ከዳኛው ጎን ተቀድቶ ተቀምጦ ስለነበር እሱኑ አንሥታ ለዚያኛው ሰጠችው፣ ለዳኛውም ወዲያው ሌላ ቀድታ አስቀመጠች። ለሴትዮዋ ወንበር ሳብሁላትና አጠገቧ ቆምሁ። ጠርሙስ መያዝ ካስፈለገ እኔ አለሁ አልኋት። አላስፈለገም። ያ ውሻ ቶሎ ስለመጣ ፊቱ ዓይናችን እያየ ተመለሰ።

ቀኑ እኩል ሲሆን ሐኪሟ ዳኛውን ለመጨረሻ ጊዜ አየችው፤ አፉን፣ ዐይኑን፣ ሆዱን። ካርዱ ላይ ጻፈች። ከዚያ ባሌ ፊት ቁጢጥ ብላ፣ አፏን ከፍታ፣ ቀስ ብላ፣

"ጨርሰናል፣ ጋሼ። አሁን መሄድ ትችላላችሁ" አለችው።

ባሌ ፊቷን አየ። ራሱን ነቅነቅ አደረገ።

"እሺ" አለ።

አልተነሣም። መዳፉ ዳኛው ደረት ላይ ነው። እኔ አልሰማትም ብዬ ጎንበስ አልሁና ጆሮው ላይ፣ ሂዱ ተብለናል ብዬ ጮህሁ።

"ሰምቻለሁ" አለኝ። "ትንሽ እንቀመጥ።"

ተቀመጥሁ።